ስለ መቀመጫችን በአደባባይ፦ የፊንጢጣ ግፊት ምርመራ ምን ይነግረናል?



ማስታወቂያው ላይ «ስለ አንጀት ጤና» ተብሎ የተጻፈው ለጨዋነት ነው። እኔ የምናገረው ስለ ሰገራ፣ ስለ ፈስና ስለ ፊንጢጣ ነው። በተለይም ሰገራው ሳያስበው ለሚያመልጠው፣ ወይም ሽንት ቤት ተቀምጦ ሲያምጥ ቆይቶ አልወጣ ለሚለው ሰው ስለሚደረግ አንድ ምርመራ ነው። እነዚህን ቃላት ዛሬ ደጋግሜ ስለምጠራቸው ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን አልጠይቅም።

በልዩ ልዩ አገሮች በኅብረተሰቡ መካከል የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከ100 አዋቂዎች 8 የሚያህሉት ሰገራቸውን በአግባቡ መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ከዚህ አዳራሽ ስንቱ እንደሚሆን እያንዳንዳችሁ በልባችሁ አስሉት። ባህላችን ስለ ሆድ ማውራት ጨርሶ የማይደፍር ቢሆን ኖሮ ዝምታው በገባኝ ነበር። ግን እንዲያ አልነበረም። አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም፤ ማንም አይቀየመውም። ሆን ብሎ ማስወጣት ነውር አልነበረም ማለት ነው። ነውር የሆነው ሳያስቡት ማምለጡ ነው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሠርግ ይቀራል፣ ለቅሶ ይቀራል፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አይሳፈርም። ክርስቲያኑ ቅዳሴው ሳያልቅ ከዳር ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ ሙስሊሙ ውዱው እንዳይፈርስበት ሲሳቀቅ ይውላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ ይጭናል፤ እኔ ግን የምወቅሰው በቅድሚያ ባለሙያውን ነው። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሳይሰለች የሚጠይቅ ሐኪም፣ «ሰገራ ያመልጥዎታል ወይ?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ይዘላል። ሕመምተኛው የሚጠይቀው ካገኘ ይናገራል።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት የሚመረመረውን ነገር ላሳያችሁ። የትልቁ አንጀት የመጨረሻው ክፍል፣ ሐኪሞች ሬክተም የሚሉት፣ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ማጠራቀሚያ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የፊንጢጣ መተላለፊያ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች አጭር መተላለፊያ ላይ ሁለት ዘበኞች ቆመዋል። ውስጠኛው ቋጣሪ ጡንቻ ከእኛ ትእዛዝ አይቀበልም፤ ተኝተንም ቢሆን እንደ ተጨበጠ ያድራል። በዕረፍት ጊዜ ፊንጢጣን ዘግቶ ከሚይዘው ግፊት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው የእሱ ሥራ ነው። ውጪኛው ቋጣሪ ጡንቻ ሲጠሩት የሚነሳ ነው፤ ሰገራ መጥቶ ሽንት ቤት ሲርቅ «ያዝ!» የምንለው እሱን ነው። በጣም ይበረታል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ከሁለቱ በላይ ደግሞ ከብልት አጥንት ተነሥቶ አንጀቱን ከኋላ በኩል አቅፎ ወደ ፊት የሚስብ ሌላ ጡንቻ አለ። እሱ ሲስብ መተላለፊያው ይታጠፋል፤ ሲለቅ ይቃናል። ቁጢጥ ስንልም ይህ እጥፋት ይበልጥ ይቃናል። ስለዚህ በየሰፈራችን የነበረው የቁጢጥ ሽንት ቤት፣ በንጽሕናው ብዙ ቢወቀስም፣ በአቀማመጡ ከዘመናዊው ባለ መቀመጫ የሚበልጥበት ነገር አለ። ባለ መቀመጫውን የሚጠቀም ሰው ከእግሩ ሥር ዝቅ ያለች በርጩማ ቢያደርግ ጥቅሙን በከፊል ያገኘዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ሬክተም ውስጥ አዲስ ነገር ገብቶ ግድግዳው ሲወጠር፣ ውስጠኛው ዘበኛ ለጥቂት ሰከንድ ይላላል። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። የመተላለፊያው የላይኛው ክፍል በነርቭ ጫፎች የተሞላ ስለሆነ፣ ከመጣው ነገር ጥቂት ወርዶ ይመረመራል፦ ጋዝ ነው? ውሃ ነው? ጠጣር ነው? በዚያችው ቅጽበት ውጪኛው ዘበኛ ጠበቅ ይላል። ሰው መካከል ተቀምጠን ፈስን ከሰገራ ለይተን የምናውቀው፣ ፈሱንም ለብቻው መልቀቅ ወይም መያዝ የምንችለው በዚህ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ይደረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ እኛ አናውቀውም። ይህንን የመላላት ምላሽ የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጋወርስ በ1877 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ያየውም ህብለ ሰረሰሩ በተጎዳ ሕመምተኛ ላይ ነበር።

ሰገራን መያዝ የበር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ማጠራቀሚያው መለጠጥ አለበት፤ ነርቩ መሰማት አለበት፤ ጡንቻው በሰዓቱ መነሣት አለበት፤ የሰገራው ዓይነትም ራሱ ወሳኝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል የሕመምተኛው ቃል ግን ያው አንድ ነው፤ «ያመልጠኛል» ይላል።

ለምሳሌ አንዲት እናት በመጀመሪያ ምጧ ጊዜ ውጪኛው ጡንቻዋ ተቀዶባት ይሆናል። ያኔ ወጣት ስለሆነች ሌላው ጡንቻ ይሸፍንላታል፤ ምልክቱ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ ዕድሜ ሲገፋና ጡንቻው ሲሳሳ ነው። ለንደን ውስጥ የተደረገና በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ በብልት በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለዱት እናቶች 35 በመቶ በሚሆኑት ላይ በአልትራሳውንድ የሚታይ የቋጣሪ ጡንቻ ጉዳት አግኝቷል፤ አብዛኞቹ በወቅቱ ምንም አይሰማቸውም ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ሰገራው ሲመጣባት ታውቃለች፣ መያዝ ግን ያቅታታል፤ እየሮጠች መንገድ ላይ ያመልጣታል። ስኳር በሽታ ብዙ ዓመት የኖረበት ሰው ደግሞ ጡንቻው ደህና ሆኖ ስሜቱ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው ልብሱ ከቆሸሸ በኋላ ነው። ሦስተኛው፣ አልጋ በያዙ አረጋውያንና አንዳንዴም በልጆች ላይ የምናየው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስት ነው፦ ደረቅ ሰገራ ሬክተሙን ሞልቶ ይደፍነዋል፤ ከበላዩ ያለው ቀጭን ሰገራ በጎን በጎኑ እየሾለከ ይፈሳል። ቤተሰቡ ተቅማጥ ነው ብሎ ማድረቂያ መድኃኒት ይሰጣል፤ ድርቀቱም ይብሳል።

በአገራችን ደግሞ አራተኛ አለ። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሕፃኑ ራስ የእናቱን ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም እንዳይደርሰው ያደርግና ፊስቱላ፣ ማለትም ቀዳዳ፣ ያስከትላል። አብዛኞቹ ሽንት ነው የሚያፈሱት፤ ከሬክተም ጋር የተገናኘ ቀዳዳ ያለባቸው ግን ሰገራም በብልታቸው በኩል ይወጣባቸዋል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የፊስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት ለእነዚህ ሴቶች ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ ሕመምተኛ ዋናው ነገር ቀዳዳውን መስፋት እንጂ የጡንቻን ግፊት መለካት አይደለም። ሆኖም ያው የተጓተተ ምጥ ነርቭንም ይጎዳል፤ እግራቸውን መጎተት የሚጀምሩ እናቶች ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው በደንብ ተዘግቶም ሰገራ ማምለጡ ከቀጠለ፣ የጡንቻውና የነርቩ ጥያቄ ያኔ ይነሣል።

ምርመራው ማኖሜትሪ ይባላል፤ የግፊት ልኬት ማለት ነው። ሕመምተኛው ከመምጣቱ በፊት ሽንት ቤት ይቀመጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱም በመቀመጫ በኩል ትንሽ ማጠቢያ ይሰጠዋል። ማደንዘዣ የለም፣ ሊኖርም አይገባም፤ የሚለካው ስሜቱና ትእዛዝ የመቀበል ችሎታው ነውና። በግራ ጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ያጥፋል። መርማሪው አስቀድሞ ጓንት አድርጎ በጣቱ ይመረምራል። ከዚያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ላይ የጎማ ፊኛ የታሰረበት ተጣጣፊ ቱቦ በቅባት ለስልሶ ይገባል። ደስ አይልም፤ ግን አያምም። በቱቦው ላይ የተደረደሩት ጠቋሚዎች ግፊቱን እየለኩ ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ፤ መለኪያውም ለደም ግፊት የምንጠቀምበት ያው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ሲያበቃ ሰውዬው ልብሱን ለብሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሥራው መሄድ ይችላል።

መጀመሪያ «ዝም ብለው ይተኙ» ይባላል፤ የውስጠኛው ዘበኛ ጉልበት የሚታየው ያኔ ነው። ቀጥሎ «ፈስ እንደሚይዝ ሰው አጥብቀው ይያዙ»፤ ይህ የውጪኛው ነው። ምን ያህል እንደጠበቀ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰከንድ እንደቆየም ይታያል። «ያስሉ» ሲባል የሆድ ግፊት በድንገት ይነሣል፤ ውጪኛው ጡንቻ ሳይታዘዝ አብሮ መነሣት አለበት። ካልተነሣ በመንገዱ ላይ ያለው ነርቭ ይጠረጠራል። ከዚያ «ሰገራ እንደሚወጣ ሰው ያምጡ»። እዚህ ላይ መሆን ያለበት ሆድ ሲገፋ ፊንጢጣ መላላት ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ተቃራኒው ይታያል፦ ከላይ እየገፋ ከታች ይዘጋል። ለዓመታት በሆድ ድርቀት ስም ቅጠሉንም ኪኒኑንም ሲሞክር የኖረ ሰው፣ ችግሩ አንጀቱ ሰንፎ ሳይሆን ጡንቻዎቹ ሳይስማሙ ቀርተው መሆኑ የሚገለጥለት በዚህ ነው። ሁለት የለንደን ሐኪሞች፣ ፕሬስተንና ሌናርድ ጆንስ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህንን በጽሑፍ ካሳወቁ ወዲህ ድርቀትን በጅምላ ማከም ለእኔ ሰበብ የለውም።

በመጨረሻ የጎማው ፊኛ በጥቂት በጥቂቱ አየር ይሞላል፤ ሰውዬው ሲሰማው ይናገራል። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አሥር ሚሊ ሊትር ሲገባ ይሰማዋል፤ እየተጨመረ ሲሄድ ሽንት ቤት ያሰኘዋል፤ በኋላም «በቃኝ» ይላል። ስኳር በሽታ ነርቩን የጎዳበት ወይም ሬክተሙ ለዓመታት ተለጥጦ የሰፋ ሰው ብዙ እስኪሞላ ምንም አይለውም። በጨረር የታከመ ወይም የአንጀት ቁስለት ያለበት ደግሞ ገና ሲጀመር ያስጨንቀዋል፤ ማጠራቀሚያው መለጠጥ አቅቶታል። ለዚህ ሰው ቋጣሪ ጡንቻን ማጠንከር ብቻውን ብዙ አይጠቅመውም።

የሕፃናቱን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ሬክተሙ ሲወጠር ውስጠኛው ዘበኛ ይላላል ብያለሁ፤ ፊኛው በፍጥነት ሲነፋም እንዲሁ መላላት አለበት። ካልላላ፣ የአንጀቱ ጫፍ የነርቭ ሕዋስ ሳይኖረው ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። የኮፐንሃገኑ የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ በ1886 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሆዳቸው ተነፍቶ ስለሞቱ ሁለት ልጆች ተናገረ፤ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከ5,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል። ሕፃን ተወልዶ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ካላወጣ፣ ሆዱም ከተነፋ፣ «ቆይ ይወጣለታል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የግፊት ምርመራው ጥርጣሬውን ያጠነክራል ወይም ያነሣል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ከሬክተሙ የሚወሰደው ቁራጭ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ከተረጋገጠ በቀዶ ሕክምና ይድናል።

እስካሁን መሣሪያውን ሳመሰግን ቆየሁ፤ አሁን ደግሞ ልገስጸው። የልብ ምርመራ ስትነሡ ልባችሁ ሳትጠየቅ ትመታለች። ይህ ምርመራ ግን ግማሹ ሕመምተኛው ራሱ ነው። ጎኑ ላይ ተኝቶ፣ ልብሱን ዝቅ አድርጎ፣ የማያውቀው ሰው ከኋላው ቆሞ «አሁን ያምጡ» ሲለው፣ ስንቱ ነው እንደ ቤቱ የሚያምጠው? «አንድ ነገር ብትወጣብኝስ?» ብሎ ፈርቶ ይጨብጣል፤ ኮምፒውተሩም «ጡንቻው አይላላም» ብሎ ይመዘግባል። ይህ ግምት አይደለም፤ ምንም ችግር የሌለባቸው ፈቃደኛ ሰዎች በዚሁ መሣሪያ ሲመረመሩ ከእነሱም ብዙዎቹ ያልላላ ሆነው ተገኝተዋል። የግፊቱ ቁጥርም በወንድና በሴት፣ በወጣትና በአረጋዊ፣ በአንዱ ፋብሪካ መሣሪያና በሌላው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2020 «የለንደን አመዳደብ» የሚባል ስምምነት የታተመው፣ የየአገሩ ላቦራቶሪ ለየራሱ ሲያነብበው የነበረውን ውጤት በአንድ ዓይነት አሠራርና ስያሜ ለማቅረብ ነው። እሱም ቢሆን ኀፍረትን አያስወግድም። በእኔ እምነት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው መሣሪያ የሚዘጋ በርና ሰውን የማያዋርድ ነርስ ነው።

በውጭ በሚኖሩ ዘመዶቻችን ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ እናት ትታመማለች፣ ልጇ ያስተረጉማል። እናት በልጇ ፊት «ሰገራ ያመልጠኛል» የምትል ይመስላችኋል? ስሜቷንም «ደህና ነኝ» በማለት ነው የምታልፈው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ጠይቁ፤ ለእናቶች አስተርጓሚዋ ሴት እንድትሆንም ጠይቁ።

በመሣሪያው ብቻ መፍረድ ስለማይገባ አንድ ቀላል ጓደኛ አለው። 50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ የተሞላ ትንሽ የጎማ ፊኛ ሬክተም ውስጥ ይቀመጥና ሕመምተኛው ሽንት ቤት ብቻውን ተቀምጦ እንዲያስወጣው ይደረጋል። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ደቂቃ ያስወጣዋል። ያልቻለ ሰው ላይ፣ ማኖሜትሪውም «አይላላም» ካለ፣ ያኔ ሁለት ምስክር ተገኘ። ለዚህ ምርመራ በየሆስፒታሉ ሽንት ለማውጣት የምናውቀው ፎሊ ካቴተር ይበቃል። የሰለጠነ ጣትም ብዙ ያውቃል፦ የዕረፍቱን ጥብቀት፣ የመጨበጡን ጉልበት፣ ሲያምጡ መላላት አለመላላቱን፣ የደረቀ ሰገራ መኖር አለመኖሩን። ውድ መሣሪያ የሌለበት ሆስፒታል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ይህን የምለው ለባለሙያዎች ነው፤ ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው።

ማኖሜትሪ የማያየውንም እወቁ። ካንሰር አያይም፤ ኪንታሮትም ለመመርመር አይደለም። ሰገራችሁ ደም ካለበት፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሰገራችሁ ልማድ ከተለወጠ፣ ቀድሞ የሚያስፈልጋችሁ ኮሎኖስኮፒ ነው። የተቀደደ ጡንቻ የት ላይ እንደተቀደደም በግፊት አይታወቅም፤ እሱን የሚያሳየው በፊንጢጣ በኩል የሚገባው አልትራሳውንድ ነው።

ከተለካ በኋላስ? ያው ቱቦ ተመልሶ አስተማሪ ይሆናል። በ1974 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ውስጥ በርናርድ ኤንግልና ባልደረቦቹ ሰገራ የሚያመልጣቸውን ጥቂት ሕመምተኞች ግፊታቸውን በዓይናቸው እያዩ ጡንቻቸውን በትክክለኛው ቅጽበት እንዲጨብጡ አሠለጠኑ፤ ብዙዎቹም ሰገራቸውን መቆጣጠር ቻሉ። ባዮፊድባክ የምንለው ይህ ነው። ዛሬ ይበልጥ የሚያስመሰግነው እየገፋ ለሚዘጋው ለዚያ የድርቀት ሕመምተኛ ነው፤ በደንብ ከተሠራ ከ10 ሰዎች 7 ያህሉ ይሻላቸዋል፤ ቢላዋም የለበትም፣ ኪኒንም የለበትም። የሚፈልገው ትዕግሥት ያለው አሠልጣኝና ለሳምንታት መመላለስ ነው። ለሌሎቹ የተቀደደውን መስፋት አለ፤ ከወገብ በታች ያለውን ነርቭ በትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ማነቃቃትም አለ። እነዚህ ከብዙ ሙከራ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ምርመራው የታዘዘላችሁ ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል መዝግቡ፦ መቼ አመለጠኝ፣ ቀጭን ነበር ወይስ ጠጣር፣ ቀድሞ ተሰምቶኛል ወይስ አልተሰማኝም፣ ምን በልቼ ነበር። የወለዳችሁበትን ሁኔታ፣ በመቀመጫ አካባቢ የተደረገላችሁን ቀዶ ሕክምና፣ የላቲክስ ጎማ የማይስማማችሁ ከሆነም ተናገሩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት በብዙ ሰው ላይ ሰገራ ያቀጥናል፤ ቀጭን ሰገራን ደግሞ ደካማ ጡንቻ አይይዘውም። እንዲህ ላለው ሰው ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ በሚሟሟው ዓይነት ሲቀይርለት ማምለጡ የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ ቱቦውም ሳያስፈልገው ይቀራል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እጅ ማውጣት የሚከብዳችሁ፣ በር ላይ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጧል፤ ስም ሳትጽፉ ካርቶኑ ውስጥ ጣሉት፤ አንድ በአንድ እያነበብኩ እመልሳለሁ።